እህሉ ተሰበሰበ፤ ማን ይፍጨው?

አምና በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ማኅበራችን ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን እህል ማሰባሰቡን አባላት ሁሉ ታስታውሳላችሁ። ከቤት ወደ ቤት ዞርን። ያላት ስንዴ፣ ያላት ባቄላ፣ ያላት ሩዝና መኮሮኒ ሰጠች፤ የሌላትም አንድ ጣሳ ምስር ከጓዳዋ ሰፍራ አወጣች። ባዶ እጃችንን የመለሰን ሰው አልነበረም። የሞላውን ማዳበሪያ ሁሉ በአይሱዙ አስጭነን፣ ነጠላችንን አጣፍተን፣ እልል እያልን ወደ መርጃው ማዕከል ወሰድነው። ፎቶግራፍም ተነሣን። ፎቶግራፉ በዚሁ መጽሔታችን ላይ ወጥቷል።

በመጽሔቱ ላይ ያልወጣው ከፎቶግራፉ በኋላ የሆነው ነገር ነው። የማዕከሉ የወጥ ቤት ኃላፊ ማዳበሪያዎቹን አንድ በአንድ እየፈታች አየች። የየቤቱን ስንዴ በአንድ ላይ ስንገለብጠው ገብስም ባቄላም ገብቶበታል። ከአንድ ቤት የመጣው ሽምብራ ነቀዝ ኖሮት ለሌላው ተርፏል። በርበሬ የበዛበት ሽሮና ነጭ ሽሮ በአንድ ከረጢት ተቀላቅለዋል። አንዱ ማዳበሪያ ሩዝ ላምባ ላምባ ይሸታል። ሴትዮዋ ጨዋ ናትና አልተቆጣችም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እናቶቼ» አለችን። «ግን ይሄን ማን ይለቅመዋል? ማንስ ያስፈጨዋል? ለዚህ ሁሉ ሰው የምናበስለው እኮ ሦስት ሴቶች ነን።»

መልስ አልነበረንም። ወንዶች ብቻ የሰበሰቡት እህል ቢሆን ኖሮ «ወንድ ምን ያውቃል» ብለን እንስቅ ነበር። እኛ ግን ዕድሜያችንን ሙሉ ስንለቅም፣ ስናበጥር፣ ስንቆላና ስናስፈጭ የኖርን ሰዎች ነን። እንጀራ በሞሰብ ላይ ከመቅረቡ በፊት በስንት እጅ እንደሚያልፍ ነጋሪ አያስፈልገንም። ለሌላ ሰው ስንሰጥ ይህ እንዴት ጠፋን?

በሚቀጥለው ወር ስብሰባችን ላይ ነገሩ ሲነሣ ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻም ከመካከላችን የተወሰንን ሰዎች በአገራችን የረሃብ ዘመን እርዳታ እንዴት እንደተሰበሰበ፣ ከዚያም ወደ ሰው አፍ እንዴት እንደደረሰ አንብበን፣ ታላላቆቻችንንም ጠይቀን እንድንጽፍ ተመደብን። ያገኘነው ይኸው።

የአገራችን ሰው «ክፉ ቀን» ብሎ የሚጠራው ዘመን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ነው። መጀመሪያ የመጣው የከብት በሽታ ነበር፤ ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር እንደገባ ይነገራል። የዚያ በሽታ ስም በአማርኛ «ደስታ» ነው። ማን እንዲህ ብሎ እንደሰየመው እንጃ እንጂ ደስታ አላመጣም። በሬው አለቀ፤ በሬ ሲያልቅ አራሽ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተከታተሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ለመኳንንቱና ለሕዝቡ አርአያ እንደሆኑ፣ ጎተራቸውንም ለተራበው እንዳስከፈቱ ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል።

እኛን ያስገረመን ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ክፉ ቀን ካበቃ አራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያ ሁሉ ሠራዊት ወደ ዓድዋ ዘመተ። ከሸዋ እስከ ትግራይ በእግርና በበቅሎ የወራት መንገድ ነው። ምን እየበላ ሄደ? የዓድዋ ታሪክ ሲነገር ስለ ጀግኖቹና ስለ መድፉ እንሰማለን። እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ የጠላትን የውሃ ምንጭ እንዲያዝ ማድረጋቸውንም፣ ይገባልና፣ በየዓመቱ እንሰማለን። ስለ ስንቁ ግን በአንድ መስመር ይታለፋል።

ስንቁን ያዘጋጁት ሴቶች ናቸው። በየቤቱ ገብስ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ በሶ ሆነ። በሶው በንጥር ቅቤ ሲታሽ ጭኮ ሆነ። እንጀራው ደርቆ ድርቆሽ፣ ሥጋው በበርበሬ ታሽቶና ተሰቅሎ ቋንጣ ሆነ። ዳቦ ቆሎውም ተቆላ። እነዚህን ምግቦች እኛ ዛሬ ልጅ ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት ስንሸኝ በላስቲክ እየቋጠርን ስለምንሰጥ ተራ ነገር ይመስሉናል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። በሶ ለመብላት ውሃና ጨው ይበቃል፤ እሳት አያስፈልግም። ጭኮ ውሃም አያስፈልገውም። ድርቆሽ አይሻግትም፤ ክብደቱም ትንሽ ነው። ቆሎ በኪስ ይያዛል፤ እየሄዱ ይበላል። የመንገደኛን ችግር፣ ማለትም እንጨት የለም፣ ምጣድ የለም፣ ጊዜ የለም የሚለውን፣ ሴቶቹ ገና ከቤት ሳይወጣ ጨርሰውታል። ሥራው ሁሉ ቤት ውስጥ ተሠርቶ አልቋልና ለበላተኛው የቀረው መጉረስ ብቻ ነው።

ከሠራዊቱ ጋር የዘመቱት ሴቶችም ነበሩ፤ ወፍጮና ምጣድ ይዘው። ደጀን ላይ ሆነው ይፈጩ፣ ይጋግሩ ነበር። በእርግጥ ሠራዊቱ የበላው ስንቁን ብቻ አይደለም፤ በደረሰበት ሁሉ ከገበሬው ጎተራ ይበላ ነበር፤ ከክፉ ቀን ገና ላላገገመ ገበሬ ይህ ከባድ ሸክም ነበር። ይህንን ሳንጽፍ ብናልፍ ለአንድ ወገን ብቻ ማድላት ይሆናል። ያም ሆኖ ሠራዊቱ ዓድዋ ዙሪያ ሲሰፍር ስንቁ እያለቀ ስለነበር ውጊያው ጥቂት ቀናት ቢዘገይ ኖሮ መመለስ ግድ ሊሆን ይችል እንደነበር ተጽፏል። የየካቲት 23 ድል በስንቅ ቀንም የተቆጠረ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወደ 1927 ዓ.ም. እንዝለል፤ ምክንያቱም የእኛ ዓይነት ማኅበር አያት እዚያ ትገኛለች። ሁለተኛው የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የኢትዮጵያ ሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ዋነኛዋ አንቀሳቃሽ ነበሩ። ሴቶቹ ለቁስለኛ የሚሆን ፋሻ አዘጋጁ፤ ለመርዝ ጋዝ መከላከያ ይሆናል ያሉትን ጭምብል ከጨርቅ ሰፉ። ልዕልቲቱ በስደት ዘመናቸው እንግሊዝ አገር የነርስነት ትምህርት ተምረው ተመለሱ፤ በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ነቀምት ውስጥ ዐረፉ። መስፋትና መጠቅለል ለአገር ጉዳይ ሲውል በማኅበር ስም መመዝገቡን ልብ አልን። ያ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ከመካከላችን ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ወደሚያስታውሱት ዘመን ደረስን።

በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. በወሎ ዝናብ ቀርቶ ሰው መራብ ጀመረ። የተራበው ሰው ከየመንደሩ እየወጣ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ተቀመጠ። መንገዱ ዳር የተቀመጠው የሚያልፍ መኪና አይቶት ይራራል ብሎ ነው። መኪኖቹ ያልፉ ነበር። መንግሥት ነገሩ እንዳይሰማ ፈለገ። በ1965 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን ፎቶግራፍ አንሥተው መጡና ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ለተማሪው አሳዩ። ተማሪዎቹም ቁርሳቸውን ትተው የቁርሱ ገንዘብ ለተራበው እንዲውል ወሰኑ።

ከዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ተነጋገርን። በአገራችን እርዳታ ማሰባሰብ ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል ብልኅ ሐሳብ አላገኘንም። ተማሪው ያለው የራሱ ገንዘብ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው የሚያበላው ነው። ያለው ነገር ረሃብን ለጥቂት ሰዓት መቻል ብቻ ነበር፤ እሱን ሰጠ። ደግሞ ዳቦውን ልላክ አላለም። ከስድስት ኪሎ የወጣ ዳቦ ደሴ እስኪደርስ ድንጋይ ይሆናል። ዋጋው ግን ሳይበላሽ ይደርሳል። አንደኛዋ ጸሐፊ «የጾም ትርጉሙ ይኸው አይደል እንዴ፤ የምሳን ዋጋ ለድኃ መስጠት» አለች። እውነቷን ነው፤ እኛ ግን በጾም ወራት ለሽሮውና ለተልባው የምናወጣው ከፍስኩ እየበለጠ መጥቷል። ይህን ለሌላ እትም እናቆየው።

ቀጥሎ የሆነውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልሙን በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ምስሎች ጋር ተጣምሮ በ1967 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ ማታ በእኛው ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በዚያ ረሃብ ያለቀው ሰው ግምት ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይለያያል። ማንም ስላልቆጠረው ነው እንዲህ የሚራራቀው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመውም ከዚያ መዘዝ በ1966 ዓ.ም. ነው።

ስለ ፋፋም እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ያሳደግንበት ዱቄት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ በስዊድን እርዳታ የሕፃናት ምግብ የሚያጠና ክፍል አዲስ አበባ ውስጥ ሲሠራ ቆይቶ ከስንዴ፣ ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተርና ከወተት ዱቄት የተዘጋጀ ምግብ አወጣ። ስሙን «ፋፋ» አሉት፤ ልጅ ሲወፍርና ሲያምር የምንለውን ቃል። ባለሙያዎቹ በላቦራቶሪ የደረሱበት ሐሳብና እናቶቻችን ከገብስ፣ ከአጃና ከጥራጥሬ ቆልተው የሚያዘጋጁት የአጥሚት እህል ዘመዳሞች ናቸው፦ እህሉ ከእናትዬው እጅ ከመድረሱ በፊት ተመጥኖ፣ ተፈጭቶ ያልቅ፤ ለእሷ የሚቀረው ማማሰል ብቻ ይሁን።

በ1972 ዓ.ም. ወይዘሮ አበበች ጎበና ለመንፈሳዊ ጉዞ ወደ ግሸን ማርያም ወጡ። ወይዘሮ አበበች በሕፃንነታቸው አባታቸውን በጣሊያን ጦርነት ያጡ፣ ያለ ፈቃዳቸው በልጅነታቸው ተድረው ጠፍተው አዲስ አበባ የገቡ፣ በኋላም ተቀጥረው እየሠሩ ትዳር ይዘው የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ወሎ ሲደርሱ ሕዝቡ እንደገና ተርቦ አገኙት። አንዲት ሕፃን የሞተች እናቷን ጡት ስትጠባ አዩ። በእጃቸው የነበረው ለመንገድ የያዙት ዳቦና ከግሸን የቀዱት ጠበል ነበር፤ ያንኑ አከፋፈሉ። ከዚያም ወላጅ ያጡ ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ ቤታቸው ውስጥ የተሰበሰቡት ልጆች 21 ደረሱ። ባለቤታቸው ወይ እኔን ወይ ልጆቹን ሲሏቸው ልጆቹን መረጡ፤ ቤታቸውን ትተው ወጡ። በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ክብካቤ ድርጅት የመጣው ከዚያ ነው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በዚሁ ኖሩ።

የወይዘሮ አበበችን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ደግነታቸውን ያወሳሉ። ደግነቱ እርግጥ ነው። እኛ ግን እንደ ቤት እመቤት አሰብነው፦ 21 ልጅ! በቀን ሦስት ጊዜ ስንት እንጀራ ነው? ምጣዱ መቼ ይበርዳል? ያለ ባል፣ ያለ ደመወዝ ሊጡን ማን ያቦካል? ደግነት አንድ ቀን ዳቦ ያካፍላል፤ ለ40 ዓመት ልጅ የሚያሳድገው ግን ወጥ ቤት ነው። ወይዘሮ አበበችም ይህ የገባቸው ይመስለናል፤ ድርጅታቸው ልጆች ከማሳደጉ ሌላ ሴቶች ሙያ ተምረው የራሳቸው ገቢ እንዲኖራቸው ሲሠራ የኖረው ለዚህ ነውና።

የ1977ቱን ረሃብ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። መስከረም ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በደመቀ ሁኔታ ሲከበር በሰሜን ሰው እያለቀ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ሞሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያነሣው ፊልም በማይክል ባርክ ዘገባ በቢቢሲ ታየና ዓለም ደነገጠ። ሙዚቀኞች ዘፈን አወጡ፤ ሐምሌ 6 ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ ኮንሰርት ተደረገ። መርከቦች ስንዴ ጭነው አሰብ ገቡ። መኪና በማይደርስበት ቦታ የእንግሊዝና የጀርመን አውሮፕላኖች በተደራረበ ማዳበሪያ የታሸገ እህል ዝቅ ብለው እየበረሩ ጣሉ። ለሰው የሚተርፍ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ብዙ ሕይወት ተርፏል። የሞተው ግን በመቶ ሺዎች ይቆጠራል፤ እስከ 1 ሚሊዮን የሚያደርሱትም አሉ። አዲስ አበባም ዝም አላለችም፤ ከሠራተኛው ደመወዝ ተቆረጠ፤ በየቀበሌው እህልና ልብስ ተሰበሰበ።

እዚህ ላይ ከመጻሕፍቱ ያላገኘነውን ከመካከላችን አገኘነው። አንዲት አባላችን ያን ጊዜ ሕፃን ሆና ከእናቷ ጋር ከወሎ መጠለያዎች በአንዱ ነበረች። እስከ ዛሬ ነግራን አታውቅም፤ ስሟ እንዲጻፍም አልፈለገችም። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ አጠገባችን ተቀምጣ ሽንኩርት ስትልጥ ነበር። ድንገት ቀና ብላ «ስንዴ ሰጡን» አለች። «ደግ ስንዴ ነው፤ ከየት አገር እንደመጣ እንጃ። እናቴ በነጠላዋ ቋጥራ ይዛ መጣች። ወፍጮ የት አለ? አገራችን ቀርቷል። ሁለት ድንጋይ ፈልጋ መፍጨት ጀመረች። ጉልበት የላትም። ትንሽ ትፈጭና ታርፋለች፤ ትንሽ ትፈጭና ታርፋለች። እንጨት ፈልጊ ትለኛለች፤ እንጨቱን ከእኛ በፊት የመጣው ሰው ጨርሶታል። ጥሬውን የቆረጠመ ልጅ ሆዱን ያመዋል።»

ከዚያ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። እኛም ለጥቂት ጊዜ ብዕር አላነሣንም።

በኋላ ስናነብ እንደተረዳነው በመጠለያዎቹ ሁለት ዓይነት አሰጣጥ ነበር። አንደኛው ለቤተሰብ ጥሬ እህል ሰፍሮ መስጠት ነው። ሁለተኛው በጣም ለተጎዱ ሕፃናት በቦታው ገንፎና ወተት አዘጋጅቶ ማጉረስ ነው። ለሁለተኛው የሚሆን ቦታና እጅ ሁልጊዜ ያንስ ነበር። መቀሌ ላይ በቀይ መስቀል ስም ትሠራ የነበረችው እንግሊዛዊት ነርስ ክሌር በርቺንገር ከተሰለፉት እጅግ ብዙ ሕፃናት መካከል የሚገቡትን ጥቂቶች መምረጥ ሥራዋ እንደነበረና ያ ምርጫ ዕድሜዋን ሙሉ ሲከተላት እንደኖረ ደጋግማ ተናግራለች። የዓለም ጋዜጦች ስንት ሺህ ቶን ስንዴ እንደተላከ ጽፈዋል። የአባላችን እናት በሁለት ድንጋይ መካከል የፈጨችውን ግን የመዘነ የለም።

እንግዲህ ከአምናው ጥፋታችን ጋር ያገናኘነው ይህንን ነው። እኛም አረጋውያኑ ዘንድ ያደረስነው ጥሬ ስንዴ ነበር፤ ሁለቱን ድንጋይ ለሦስት ወጥ ሠሪዎች ትተን ተመለስን። የእኛ ማዕከል ኮረም አይደለም፤ በልቶ የሚያድር ሰው ያለበት ቦታ ነው። ይሁንና የጥፋቱ ዓይነት አንድ ነው።

አንድ የባሰም ነገር አለ፤ አንባቢ ይፍረደን። ከዚያ ቀን በኋላ አራት አባሎቻችን ማንም ሳያዛቸው ሦስት ቀን ማዕከሉ ድረስ እየተመላለሱ ያንን የተደባለቀ እህል በሰፌድ አበጠሩ፤ ለቀሙ፤ ነቀዝ የያዘውን ለይተው አወጡ። ከአራቱ ሁለቱ በመዋጮው ጊዜ ምንም መስጠት ያልቻሉ ናቸው። በመጽሔታችን የስም ዝርዝር ላይ አንድ ማዳበሪያ የሰጠችውም፣ አንድ ጣሳ የሰጠችውም ስማቸው ወጥቷል። የአራቱ አልወጣም። ከአራቱ አንዷ እትም ሲወጣ ዝርዝሩን አንብባ አጠፈችውና «ይሁን» አለች። ይሁን ማለቷ ግን እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠናል።

ዘንድሮ ምን እናድርግ በሚለው ላይ ማኅበሩ ሙሉ በሙሉ አልተስማማም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። አንዳንዶቻችን ገንዘብ ብቻ ይሰብሰብ እንላለን። ተማሪዎቹን ያየ ሌላ መልስ የለውም፤ ማዕከሉ የሚያስፈልገውን ራሱ ያውቃል፤ በጅምላ ሲገዛም ይረክስለታል። ሌሎቻችን ደግሞ ገንዘብ ብቻ ከተባለ ጣሳ ምስር የምትሰጠው ሴት ትቀራለች እንላለን። በዕድሜ ትልቋ አባላችን እንዲህ አሉ፦ «ብር ያላት ብር ታምጣ፤ ብር የሌላት እጇን ታምጣ። እጅን ግን እንደ ብር መዝግቡት።» በዚህ በኩል ክርክር አልተነሣም።

ስለዚህ የተወሰነው ይህ ነው። አስቀድመን ሄደን የወጥ ቤቱን ኃላፊ ጠይቀናታል። የምትፈልገው የተዘጋጀ ሽሮ፣ የተለቀመ ምስር ክክ፣ የጤፍ ዱቄት፣ ዘይትና በርበሬ ነው፤ ስንዴ በዱቄት ካልሆነ አትፈልግም። ለደካሞቹ ደግሞ የአጥሚት እህል ብናዘጋጅላት ደስ ይላታል፤ ጥርስ የሌላቸው ብዙ ናቸው። የሚመጣው እህል በየዓይነቱ ለየብቻ ይቀመጣል፤ ሳሙናና ላምባ ከምግብ ጋር በአንድ መኪና አይጫንም። ከሚሰበሰበው ገንዘብ ላይ መጀመሪያ የወፍጮ ቤቱና የማገዶው ዋጋ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ የተረፈው እህል ይገዛል። አምና ይህን ገልብጠን ነበር የሠራነው። የሽሮው እህል አንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ልክ ቅመም ይዘጋጃል፤ የጾምም የፍስክም ይሆን ዘንድ ቅቤ አይገባበትም። በመዝገቡ ላይ «ገንዘብ»፣ «እህል» ከሚለው ረድፍ ጎን «የሥራ ቀን» የሚል ሦስተኛ ረድፍ ተሠምሯል። የመጀመሪያዎቹ አራት ስሞች ገብተዋል፤ የአምና ሦስት ሦስት ቀናቸው ተጽፏል።

ለቀማው የሚጀመረው ከመጪው የወር ስብሰባ ማግሥት ጀምሮ በማኅበሩ አዳራሽ ነው። ሰፌድ ያላችሁ ሰፌድ፣ ወንፊት ያላችሁ ወንፊት ይዛችሁ ኑ፤ መቁያ ምጣድ ሁለት ብቻ ስላለን ማዋስ የምትችሉ ለጸሐፊያችን ንገሩ። የማዕከሉ የወጥ ቤት ኃላፊም ዕረፍት በምታገኝበት ቀን መጥታ አብራን እንደምትቀመጥ ነግራናለች፤ ቡና እናፈላላታለን።